ሐይቅ ውስጥ የቆመው ቴሌስኮፕ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬንም ጉልበቷን ተሽሏታል።

ከጠፈር የሚመጣው የቅንጣት ዶፍ አየር ላይ ሲበተን ቴሌስኮፖች ምን እንደሚያዩ የሚያስመስለውን አዲሱን የኮምፒውተር ፕሮግራምህን አወረድኩት። ከላይ የተጻፈውን ስምህን ሳሳያት እማዬ እልል አለች። ከዚያ ቴሌስኮፖቹ የት የት እንደሚቆሙ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። ጉድ ነው! አራተኛው ቴሌስኮፕ ተራራው ላይ መቆም ሲገባው ሐይቅ ውስጥ ቆሟል።

አምና እኔም በሠራሁት ሰንጠረዥ የምሥራቁንና የሰሜኑን ቁጥር አቀያይሬ አራተኛውን እዚያው ሐይቅ ውስጥ ከትቼው ነበር። ፋይሉን የላክሁት ላንተ ብቻ ነው፤ አንተም "ጊዜ አጥቼ ሳልከፍተው ቀረሁ" አልከኝ።

እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ስምህን እያሳየች ነው። የኔን ቴሌስኮፕ ከሐይቁ ካወጣሁት ሰነበትኩ። ያንተንም ቶሎ አውጣው፣ ሰው ሳያይብህ።

እስክንገናኝ ሰላም ያክርምህ፣
ታናሽ እህትህ