አዳኙን ያኖረው በሶ

ልጄ አለበል፣ ቁስቋም ማርያም በሰው አገር ጥላ ከለላ ትሁንህ። እኛ ሸጋ ነን፤ ጤፉም ታጭዷል።

የጥንት ሰው አውሬ እያደነ ሥጋ ስለበላ አእምሮው ሰፋ ብለህ የጻፍኸውን አስነብቤ ሰማሁ። ባሕር የተሻገርኸው ለዚህ ትምህርት ነው? ሥጋ መብላት ብልህ ቢያደርግ ጅብ ዳኛ በሆነ ነበር! አጎትህ ውድነህ ጎሽ ሊያድን አርማጭሆ ቆላ ሲወርድ በሶ የምሰንቅለት እኔ ነበርሁ። ብዙውን ጊዜ በሶውን ጨርሶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ግዳይ የጣለ ዕለት ግን ቅቤ ተቀብቶ የሚፎክረው እሱ ብቻ ነው። መምህሮችህም የጥንቱን አዳኝ ፉከራ ሰምተው ስንቁን ረሱት።

በላክኸው ፎቶግራፍ ላይ ከስተሃል። ምነው ሥጋው አንተን አላወፈረህም? እመቤቴ ወዝህን ትመልስልህ። በሶ ልኬልሃለሁና እባክህ በጥብጠህ ጠጣ፤ ስለ ሥጋው ከዚያ በኋላ ታስተምረኛለህ።

እናትህ ሸጋዬ