አባባ የሚቆሙበት በር

ለወንድሜ ጁነይድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ መንፈግ ነውር ስለሆነ ነው እንጂ ስልኬን ለማያነሳ ሰው ደብዳቤም አይገባውም ነበር። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አባባ ከብሩ ጋር ታረቁ። በአጥር ተጣልተው ስንት ዓመት የተኮራረፉት ጎረቤታችን ማለቴ ነው። የሆጤ ሰፈር ሁሉ ጉድ ብሏል። ዳገቱን ወደ መስጊድ ሲወጡ ብሩ በር ላይ ቆመው ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ላሞቹን ሳይቀር ይጠይቃሉ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

ብሩ፣ "ሼህ የሱፍ፣ ምነው ዛሬ ወደዱኝ?" ሲላቸው፣

"ዝም ብለህ አውራ" ይሉታል።

ጨጓራ ነው እያሉ ተልባ ሲጠጡ ከርመው በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጠበዋል ተባለ። ለሕመሙ ከምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን ተሰጣቸው። አዲስ አበባ ሄደው ግን በቀጭን ቱቦ ታይቶ የጠበበው መከፈት አለበት። እሳቸው "ጁነይድ ራሱ መጥቶ ካልወሰደኝ የሆስፒታሉን ደጅ አልረግጥም" አሉ። አንተ ደግሞ ሠርግህ ላይ አልተገኙም ብለህ ከገዛ አባትህ ይቅርታ ትጠብቃለህ። አፍርልሃለሁ።

በፊት ሕመሙ ይዟቸው የሚቆሙት መስጊዱ አጠገብ ነበር። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሆነ፣ ከዚያ ብሩ በር ላይ። ትናንት ከቤት እንደወጡ እዚሁ በራችን ላይ ቆሙ። አብረን ቁርስ በልተን ገና ተነስተን ሳለ፣ "እንዴት አደርሽ፣ ዘሀራ?" አሉኝ።

እኔም መልሱን አስረዘምኩላቸው።

ልጆችህን ሳምልኝ። ያንተን ሰላምታ ግን እዚሁ በር ላይ መጥተህ ከሳቸው ተቀበል።

እህትህ ዘሀራ