ቡሄ በታኅሣሥ

ሰኞ

እኔ ኃጢአተኛዋ ፍሬሕይወት፣ በሙርዋይክ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በሁለት እርግቦች ምስክርነት፣ በነቢያት ጾም አንድ ፍሪካንደል መብላቴን በታላቅ ትሕትና እናዘዛለሁ። የተጠበሰ ቋሊማ ነው፤ ማዮኔዝም ነበረው። እርግቦቹም ቀምሰዋል፤ የነሱን ራሳቸው ይናዘዙ።

ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ግን ሁኔታዬ ይታይልኝ። እናቴ ቤት እስከ ገና ጾም ነው። አባቴ ቤት ደግሞ የሴት ጓደኛው ማሪከ አለች። ማሪከ ቪጋን ነች፤ የሷ ጾም ፋሲካ የለውም። ከዚያም አልፋ የድሮዎቹን አማልክት የምታከብር ነች፤ በየክረምቱ ከመሰሎቿ ጋር ጫካ ገብተው እሳት ያነዳሉ። እማዬ «ያቺ ዛፍ አምላኪ» ትላታለች። ማሪከ እማዬን «በጣም ጠንካራ ሴት» ትላታለች፤ ደች ሰውን ሲፈራ እንደዚያ ነው የሚለው። ተያይተው አያውቁም። ሁለቱም ግን ምስር ያበሉኛል። በጌታም በኩል ምስር፣ በዛፍም በኩል ምስር። ሥጋ ያለው መሃል ላይ፣ ጣቢያው ጋ ብቻ ነው።

የሙዚቃ አስተማሪያችን መፍራው ኤልስ (መፍራው ማለት ወይዘሮ ነው) ዛሬ ያዘችኝ። ዓርብ ማታ በሰፈሩ አዳራሽ የዊንተር ኮንሰርት አለ። እሷ እንደምትለው አረማውያኑ ፀሐይ እንድትመለስ ይዘፍኑ ነበር፤ ክርስቲያኖቹ መጥተው ለልደት ዘመሩ፤ ብዙ ቦታ ዜማው ያው ነው፣ ቃሉን ነው የቀየሩት። እና ሁላችንም ከየቤታችን አንድ የዊንተር ዘፈን እናምጣ። ሁሉም አምጥቷል። እኔ ሳምንታት አስቆጥሬያለሁ። «ነገ» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ፈገግ ሲሉ ነው የሚያስፈሩት።

እማዬ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው ስታጥብ ውላ ገባች። «እማ፣ አንድ የክረምት ዘፈን ንገሪኝ» አልኳት። አንዱን ጫማ አውልቃ በአንድ እግሯ ቆመች። ከዚያ ዘፈነች። ከመዝሙር ሌላ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴትዮ በካልሲ ቆማ የቡሄ ዘፈን አወጣች። እኔ ጻፍኩ። አንዷን ስንኝ ሁለት ጊዜ ደገመቻት፦

የዚህ ቤት በሩ አረንጓዴ፣
ሙልሙሉ ይቅር ውጪ አንዴ።

ሙልሙል ለጨፋሪ ልጆች የሚሰጥ ዳቦ ነው አለችኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ጫማ አውልቃ እንደገና እማዬ ሆነች። «እቃ አጥበሻል?»

ማክሰኞ

ተዋረድኩ። መፍራው ኤልስ «በስንተኛው ወር ነው የሚዘፈነው?» አለችኝ። ትናንት መጠየቅ የነበረብኝን ዛሬ በክፍሉ ፊት ስልኬ ላይ አየሁ። ነሐሴ። «አውግስተስ» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ስኬቬኒንገን ባሕር ዳር፣ አይስክሬም እየላሳችሁ?» አለ።

ቤት ገብቼ እማዬን ወጠርኳት።

«ቡሄ በነሐሴ ነው።»

«አንቺ ክረምት አልሽኝ።»

«ክረምት ዊንተር ነው፣ እማ።»

«ክረምት ዝናብ ነው። ሰማዩ የሚጠቁርበት፣ ፀሐይ የምትጠፋበት። ዊንተር የናንተ ጣጣ ነው።»

በመስኮት አየሁ። እየዘነበ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። ፀሐይ ካየሁ ሰነበትኩ። ይቺ ሴት ተሸንፋ አታውቅም።

ክፍል ውስጥ ግን መፍራው ኤልስ አልሳቀችም ነበር። «ምን ታደርጋላችሁ?» አለች። ልጆች በየበሩ ይዞራሉ፣ ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ማታ ችቦ ይለኮሳል፣ ዳቦ ይሰጣቸዋል አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። «ይሄ እኮ የኛው ነው» አለች። «ጨለማውን በጩኸት ማባረር፣ ብርሃኑን ከደጅ መጥራት።» የጠፋባትን ርስት ያገኘች ነው የመሰለችው።

ውጤት፦ ዓርብ የመጨረሻው ዘፈን የኔ ነው። እኔ አውጪ፣ ክፍሉ ተቀባይ። «ሆ» በሉ ብዬ አስተማርኳቸው። «ሁ» ይላሉ፣ እንደ ጉጉት።

ረቡዕ

ረቡዕ የአባቴ ነው። እንደዚያ ነው የተቆረስኩት። በበዓል ብቻ አልተጣሉም፣ ምክንያቱም ገና ሁለት ነው፤ የፈረንጁ ለሱ፣ የሐበሻው ለሷ። የቀን አቆጣጠራችን ለዚህ ጠቀመ። ከተፋቱ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ቆመው አያውቁም። ሲነጋገሩ በኔ ነው። «ለአባትሽ ንገሪው፣ የጥርስ ሐኪሙ ማክሰኞ ነው።» «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሰምቻለሁ።» ስልክ ነኝ። ቻርጅ የሚያደርገኝ ግን የለም።

አባቴ ሰፈር፣ ሆግቭሊት፣ እንደወረድኩ ያው የፔርኒስ ነዳጅ ማጣሪያ ሽታ። ማሪከ እሳት ፍለጋ ጫካ ድረስ ትነዳለች። በወጥ ቤቷ መስኮት የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ጫፉ ላይ እየነደደ ነው፤ እሱን ቆማ ብታመልክ ቤንዚን ይተርፋት ነበር።

ስለ ኮንሰርቱ ስነግራቸው ማሪከ ከቁምሳጥን ላይ የምትነፋውን ቀንድ አወረደች። የእንጨት ነው፣ እንደ እንቢልታ የረዘመ፣ እንደ በሬ ቀንድ የጎበጠ። አያቷ አገር በክረምት ይነፋል። ድሮ ክፉ መንፈስ ለማባረር ነበር ይባላል፤ ኋላ ቄሶቹ «የለም፣ የጌታን መወለድ ለማብሰር ነው» አሉ። «ቀንዱ ግን ያው ቀንድ ነው» አለች። አባዬም ትዝ አለው። ቄሱ ጅራፍ የሚጮኸው በደብረ ታቦር ለተሰማው የእግዚአብሔር ድምፅ ምሳሌ ነው ይሉ ነበር። አያቱ ደግሞ ደመናውን ለመግረፍ ነው ይላሉ። «ሁለቱም ግን ጅራፌን አይነኩም ነበር» አለ።

እኔም ዘፈንኩላቸው። በሩ አረንጓዴው ላይ ስደርስ አባዬ ኩባያውን አስቀመጠ።

«ይቺን ማን ነገረሽ?»

«እማ።»

«ይቺ የቡሄ አይደለችም።»

«ታዲያ የማን ናት?»

«የኔ። ጉለሌ፣ እነእናትሽ በር ላይ በቦታው የፈጠርኳት።»

«ወጣች?»

«ወንድሟ ወጣ። በዱላ።» ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። «እሷ የወጣችው በዓመቱ ነው።»

በአማርኛ ስለነበር ማሪከ አልገባትም። «ስለምንድን ነው ዘፈኑ?» አለችኝ። አባዬን አየሁት። ምንጣፉን ነው የሚያየው። «ስለ ዳቦ» አልኳት። «ውብ ነው፣ ዳቦ ቅዱስ ነገር ነው» አለች። በዚህ ሳምንት ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ እሱ ብቻ ነው ያመመኝ። ክፉ ሴት ብትሆን ምናለበት? ስጠላት ይደክመኛል።

አባዬ ከሥራ ባመጣው ገመድ ጅራፍ ገመደ። ዓርብ መድረኩ ጎን ቆሜ አጮሃለሁ አለ፤ ማሪከም በዘፈኑ መጨረሻ ቀንዷን ልትነፋ ሆነ። ከዚያ፣ ገመዱን እያየ፣ «እሷስ ትመጣለች?»

«ማኅበር አላት» አልኩ።

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

ሐሙስ

እትዬ ሙሉ ደወሉ። የእማዬ የጽዋ ጓደኛ ናቸው፤ ስልክ ላይ ሲያወሩ ጎረቤቶችም ይሰሟቸዋል። «እንዴት ነሽ እትዬ ሙሉ?» አልኩና ምላሴን ነከስኩ። «አንቺ? ዘመን መጣ» አሉ። «ደግሞ ለጣዖት ልትዘፍኚ ነው አሉ። ቡሄን ያህል በዓል ከዛፍ አምላኪ ጋር?»

«እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ ቤት ሳሎን ውስጥ መብራት የሚበራበት ምንድን ነው?»

«የገና ዛፍ ነዋ።»

«ዛፍ?»

«እሱማ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ማን ያመልካል?»

በዚህ መለሱኝ። የሁለት ሺህ ዓመት ክርክር በፕላስቲክ ተዘጋ።

እማዬ የኛን ፕላስቲክ ቅርንጫፍ እየዘረጋች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፦ «ሰውዬው ይመጣል?»

«የማታ የሥራ ተራ አለው።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

ቃል በቃል። እንግዲያው። ሁለቱ ዛሬም የሚካፈሉት ቃል ይሄ ነው፤ ትርጉሙም አንዱ ከሌለ ማለት ነው።

«እማ፣ ከዘፈን ሁሉ ለምን እሱን ሰጠሽኝ?»

«ሌላ አልመጣልኝም።» ቅርንጫፉን አጠፈች፣ ዘረጋች። «ዘፈኑ አልከዳኝም።»

ዓርብ

ካፖርት ማንጠልጠያው ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ከካፖርቶቹ ኋላ መሬት ላይ። ከአዳራሹ ባር የገዛሁት ፍሪካንደል ጉልበቴ ላይ ነው። በፍጥነት ልጻፍ።

እማዬ ዘግይታ ገባች፣ የመጨረሻው ረድፍ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ። አባዬ መጋረጃው ጎን ነበር፤ አይተያዩም። መብራት ጠፋ። ጅራፉ ጮኸ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ እማዬ ግን ብድግ አለች። ያን ድምፅ ከማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ መብራት አያስፈልጋትም።

ጥላን ትወጣለች ብዬ ፈርቼ ዘፈኑን አወጣሁ፣ ጮክ ብዬ። ክፍሌ «ሁ» አለ። ከኋላ ግን አንድ «ሆ» መጣ። የእማዬ ነው። ከንዴት ይሁን ከልማድ አላውቅም፤ ቡሄ ሲወጣ ዝም የሚል አፍ የላትም መሰለኝ። ከመጋረጃው በኩል ሌላ «ሆ»። እኔ መሃል ነበርኩ። እንደዚህ መሃል ሆኜ አላውቅም። ሁልጊዜ መሃል ስሆን የምጎተት ነኝ።

ተስገበገብኩ። አረንጓዴውን በር አወጣሁት።

ሁለቱም ዝም አሉ። ከኋላም፣ ከመጋረጃውም። ሙልሙሉ ይቅር ውጪ አንዴ፣ ክፍሌ ብቻ «ሁ» አለ፣ እንደ ጉጉት። ከዚያ ማሪከ ተራዬ ነው ብላ ቀንዷን ነፋች፣ ረጅም፣ ዝምታውን ሞላችው። ሕዝቡ አጨበጨበ። መፍራው ኤልስ አለቀሰች። «ተገናኙ» አለች፣ ዜማዎቹን ማለቷ ነው። እኔ እዚህ ገባሁ።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ናቸው። እሰማለሁ።

«አትመጣም ብላኝ ነበር» አለ አባዬ።

«ለኔም ሥራ ነው ብላ ነው።»

ከስንት ጊዜ በኋላ የተነጋገሩት ስለኔ ውሸት።

«ቤቱን አባቴ ከሸጠው ቆየ» አለች እማዬ። «በሩ አሁን ግራጫ ነው አሉ።»

የማሪከ ጫማ ድምፅ ቀረበ። «ሃሎ፣ ማሪከ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች እማዬ። ከዚያ፣ በደች፦ «ቀንዱ ጥሩ ነበር።» አልሞቀም ድምፅዋ። ግን አለች።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይላል ተረቱ። እማዬ ግን ገና ገና ነው የምትል ሰው ናት።

«ልጅቷስ?»

«እዚህ ነበረች።»

«ፍሪካንደል ይሸታል» አለች እማዬ።

እርምጃ። ካፖርቶቹ እየተገፉ ነው፣ በቀኝም በግራም። አባዬ እንኳ እንደወትሮው «ፍሬ» አላለኝም። አንዱ አውጥቶ አንዱ ሳይቀበል፣ ሁለቱም እኩል፦

«ፍሬሕይወት።»