የዘለልኩት አቡጊዳ

ጥር 19፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ ሶስና ዛሬም ምንጣፉ ላይ። ስንደዶዋን ከፊደል ፊደል እየነዳች፣ በእጄ የጻፍኩላትን የግዕዝ ንባብ በዜማ ትወጣዋለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ት/ቤት ሳልልካት፣ የኔታ እኔን ባስተማሩበት መንገድ ቤት ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነ። እኔ ራሴ ቦንጋ ት/ቤት መምህር ሆኜ! ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ፈረቃዬ ከሰዓት ነው፤ ጠዋቱ የኛ።

ባለቤቴ አስቴር ግን አትስቅም። ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀምር ልጅቷ ማንበብ ካልቻለች ት/ቤት ትገባለች ብላለች። ሁለት ሳምንት ቀረኝ። ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ፦ ጠዋቴን መስጠት አልፈልግም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ጋሽ ወልዴ ከዋጫ መጡ። የአስቴር አጎት፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ገና አረፍ ሳይሉ ሶስናን አስቀመጥኳት። ጉራዬ! አንበለበለችው። መረቋት። ከዚያ መሐል ላይ አንድ መስመር በጣታቸው ነክተው ከዚህ ጀምሪ አሏት። ከመጀመሪያው ጀመረች። ሌላ አሳዩአት። ያንኑ። ስንደዶዋ ሌላ ቦታ፣ አፏ ሌላ ቦታ። በቃሏ ነው ለካ! አስቴር ወደ ጓዳ ገባች።

ጋሽ ወልዴ ቀስ ብለው አቡጊዳ አስቆጥሬያት እንደሆነ ጠየቁኝ። አላስቆጠርኳትም። ሀ ሁን ስትወርደው ደስ ብሎኝ፣ ፊደሉን አዘባርቆ የሚፈትነውን አቡጊዳ ዘልዬ ወደ ንባብ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ጥር 25፣ እሑድ

ተናድጃለሁ። በሶስና አይደለም ብል እዋሻለሁ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እያለቀሰች፦

«አላውቅም ስልህ ፊትህ ይጠቁራል፣ አባዬ።»

የኔታን አለንጋ እየፈራሁ ነው ያደግኩት። ልጄን አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም እያልኩ እኩራራ ነበር። ፊቴ በቅቷት ኖሯል። አፈርኩ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 2፡00

አስቴርን ተሸነፍኩ አልኳት። ዩኒፎርሙን ካሰፋችው ሳምንት አልፎታል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቃው። ሳቅን። ትንሽ ከፋኝም።

ተወስኗል። መንፈቁ ሲጀምር ሶስና ት/ቤት። ቅዳሜና እሑድ ከኔ ጋር፣ ከአቡጊዳ። እስከዚያ ግን ጠዋት ጠዋት አለን፤ ዛሬ ጀመርን። አንዲት ፊደል ነካሁላት። ፊደሏን ትታ ፊቴን አየች። ፊቴን ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ። ጠበቅኳት።

አላውቅም አለች።

እሰይ አልኳት።