በስልክ የተወጣ ደቦ

ኅዳር 10፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ፓምፑን አጠፋሁ። ዘይት ለወጥኩ። ስልኬ ዛሬም ጮኸች፤ «ውድ ሠራተኛ፣ የሥራ ደኅንነት ትምህርትዎን አላጠናቀቁም» ትላለች። ሰው አይደለም የሚልከው። ሲስተሙ በራሱ ነው። ማን ት/ቱን ከፈተ፣ ምን ያህል ቆየ፣ የቱን ጥያቄ ሳተ፣ ሁሉን ይዞ ለዋናው መ/ቤት ያሳብቃል። የጨረሰ ስሙ አረንጓዴ፣ ያልጨረሰ ቀይ። እዚህ ውኃ አገልግሎት ሁላችንም ቀይ ነን። እኔ የባስኩ። አንዱንም አልከፈትኩ።

በሁሉ ፊት ተናገርኩ። ፓምፕ የተማርኩት ፓምፕ ፈትቼ ነው፤ ከስልክ መስታወት ላይ እርሻ የተማረ የለም አልኩ። ዘውዱ ሳቀ። የመስመር ሠራተኛችን ነው፣ ቀልደኛ። ወንድይፍራው ተብለው ሰው ሲፈራዎት ኖረ፣ አሁን ደግሞ ስልኩ ይፍራዎት አለኝ። ሌሎቹም ሳቁ። ቃሌ ገብቷቸዋል። ደስ አለኝ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ቅዳሴ ላይ ጮኸች። ማሽን በዓል አያውቅም። አጠፋኋት።

ከሰዓት ኃላፊው አስጠራኝ። ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። እስከ ወር መጨረሻ ቀይ የሆነ ኮንትራቱ አይታደስም አለ። እኔ ጡረታ ወጥቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ አይታደስ አልኩት። ደጊቱ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ቆጣሪ አንባቢያችን ናት፤ ባል የላትም፣ ሕፃን አላት። ፊቷ አመድ መሰለ።

ኅዳር 20

ደብተሬ፣ ጉድ ስሚ። አረንጓዴ ሆኛለሁ። «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። እኔ ግን ት/ቱን አልከፈትኩም።

ጠየቅሁ። እሑድ ስልኬን ቻርጅ እንድታደርግልኝ ለደጊቱ ሰጥቻት ነበር። ለካ ዕቃ ግምጃ ቤት ተሰብስበው ደቦ ወጥተዋል። ት/ቱን እንደ ገብስ ማሳ ተከፋፈሉት። ዘውዱ የቆጣሪውን አጥንቶ በሁሉም ስልክ መለሰ። ደጊቱ የውኃ ማጠራቀሚያ እጥበቱን አጥንታ በሁሉም ስልክ መለሰች። ሌላውም እንደዚያው። ሁሉም የራሱን ድርሻ አወቀ፣ የሌላውን አላወቀም። የእኔንም ጨመሩ።

ተቆጣሁ። ደጊቱ አልደነገጠችም። «ጋሼ፣ የሽማግሌ ማሳ ሳይታጨድ ደቦ ይበተናል እንዴ?» አለችኝ።

ለኃላፊው መናገር ነበረብኝ። የደጊቱ ሕፃን ፊት መጣብኝ። ወደ ፓምፔ ተመለስኩ።

ኅዳር 28

ከዋናው መ/ቤት ምስጋና መጣ። ውጤታችን ከፍተኛ ነው አሉ። ስለዚህ ገመድና ጭምብል ይዞ መጥቶ በተግባር ሊያሳየን የነበረው አሠልጣኝ አይመጣም፤ ቀይ ወዳለበት ሄደ።

የሥራ ተራም ከእንግዲህ ሲስተሙ ራሱ ያወጣል። ማጠራቀሚያውን ለማጠብ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነበር የሚሄደው። አሁን አረንጓዴ ከሆነ አንድ ይበቃል ይላል። ሁለት ይሁን አልኩ። ኃላፊው፣ ሁላችሁም እንደምታውቁ መረጃው ያሳያል አለ። መረጃው የማን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 4

ዘውዱ ሞተ።



ታኅሣሥ 5

ልጻፈው። ተራው የእሱ ነበር፤ እኔ ታች ፓምፕ ላይ። ብቻውን ማጠራቀሚያው ውስጥ ወረደ። ክሎሪኑን አወፍሮ በጠበጠ፤ ወፍራም ያጠራል ብሎ። ውርጩ ክፉ ነበር፣ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ብርዱን ሸሽቶ ክዳኑን ከላይ ገርበብ አደረገው። እዚህ አገር በር ገርበብ ማድረግ ለማንም ልማድ ነው። በክሎሪኑ ጭስ ታፈነ። ሲዘገይ ወጣሁ። ጠራሁት።

ታኅሣሥ 7

ሠልስቱ ዛሬ ነበር። ከዋናው መ/ቤት የመጡት ሲስተሙን ከፍተው አይተው ጽፈዋል። ሟች የማጠራቀሚያ እጥበት ት/ት ወስዷል፣ አንድም ጥያቄ አልሳተም፣ ደንቡን እያወቀ ጥሷል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ድንኳን ገባ። እያወቀ ይላሉ። በገዛ እጁ እንደ ማለት ነው።

እናቱ እማማ ተዋበች ጠሩኝ። አልጮኹም። እጄን ያዙ።

«አያ ወንድይፍራው፣ አንቱ አይዋሹም ይባላል። ልጄ እያወቀ ነው የገባው?»

መሬት መሬት አየሁ። እግዚአብሔር ያጥናዎት ብዬ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አይዋሽም የተባልኩት።

ታኅሣሥ 8

ደጊቱ መጣች። ሕፃኑን አዝላለች። እውነቱን ልናገር ማሰቤን ፊቴ ላይ አንብባለች። ስታለቅስ ቆየች። ት/ቱን ያጠናሁት እኔ ነኝ፣ ክዳኑን ክፈት ብዬ አልነገርኩትም፣ የሚወርድ አልመሰለኝም አለች። ከዚያ ቀና አለች።

«የሞተ አይመለስም ጋሼ። ያለነውን አይቅበሩን።»

ውሸቱን ስናገር በራሴ ስም እጀምራለሁ አልኳት። የእኔን ስም ቢጠይቁዎትስ አለች። ከጠየቁኝ እናገራለሁ አልኩ። ሳትሰናበት ሄደች። በሩን ከፍታው ሄደች።

ታኅሣሥ 9፣ ማለዳ

ት/ቱን ከፈትኩት። የማጠራቀሚያ እጥበት። «ይህን አጠናቀዋል» አለኝ። ቢሆንም አየሁት።

አጭር ነው። አንድ ሰው ክዳኑን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ አየር እስኪገባ ይጠብቃል። ብቻዎን አይውረዱ ይላል። ገመድ ወገብ ላይ፣ ሁለተኛው ሰው የማጠራቀሚያው አፍ ላይ። ክሎሪን አያወፍሩ። በአማርኛ ነው፣ የሚገባ አማርኛ። ጥሩ ት/ት ነው። ደግሜ አየሁት። ዘውዱ ቢያየው ያውቀው ነበር። እንዳያይ ያሳቅሁት እኔ ነኝ። ሁላችንም አረንጓዴ ሆነን ያማርነውም የእኔ ማሳ በደቦው ስለ ታጨደ ነው።

ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚሄደው መኪና ጥሩምባ እየነፋ ነው። ዋናው መ/ቤት እሄዳለሁ። አረንጓዴው ስሜ ውሸት ነው፣ የዘውዱም ውሸት ነው፣ እሱ አላወቀም እላለሁ። በቃሌ፣ በፊርማዬ።

አስቀድሞ ግን በእማማ ተዋበች በር አልፋለሁ። ከቢሮ በፊት እሳቸው ይስሙ። አላወቀም እማማ፣ እላቸዋለሁ። ለምን አላወቀም ሲሉኝ፣ እንዳይማር ያሳቅሁት እኔ ነኝ፣ ውሸቱንም ሸፍኛለሁ እላቸዋለሁ።