የዘጠነኛ ክፍል ታሪኬ

ለምወድዎ አያቴ፣ ለአባባ ኦርቪል፤

ከሞንታና ብርድ እስከ አሪዞና ፀሐይ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሁላችንም ደህና ነን፤ ዶሮዎቹም ጭምር።

ትልቁ ወሬ፦ እማዬ ቤት ውስጥ የምታስተምረኝን የአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በየክፍሉ ከፋፍለን በእርሳስ ደለደልን። በግ ማዋለዴ እንደ ሳይንስ ተቆጥሮ ክሬዲት አስገኘልኝ! "መንታ ሲሆን ሁለት ክሬዲት ነዋ!" ብላት፣ "ሂጂ ወዲያ፣ ቀበጥ!" አለችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የተራሮቻችንን ጂኦግራፊ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ታሪክን አደረግን። የታሪክ መጽሐፌ እርስዎ ነዎት፤ ባቡር ሲነዱ የኖሩበትን ዘመን እየጠየቅኩዎ ልጽፍ ነው።

ባለፈው በስልክ ሦስቴ "ኮሪን" ብለው በእማዬ ስም ሲጠሩኝ እንዴት ሳቅን! ስልኩ ሲዘጋ እማዬ ዶሮዎቹን ላብላ ብላ ወጣች። ዶሮዎቹ እኮ በልተው ነበር።

በማግስቱ ታሪክን ወደ ዘጠነኛ አምጥቼ ጂኦግራፊን ወደ አሥራ ሁለተኛ ገፋሁት።

"ምን አጣደፈሽ?" አለችኝ።

"ተራራው የትም አይሄድማ!" አልኳት።

እማዬ እስክሪብቶ አምጥታ በእርሳሱ ላይ ደግማ ጻፈችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተሬን ይዤ እደውላለሁ፤ ከመጀመሪያው ባቡርዎ እንጀምራለን።

ጉንጭዎን እየሳምኩ፣
የልጅ ልጅዎ ቲልዳ

ኮሪን ቢሉኝም አቤት እላለሁ።