ባንዲራውን ሳልጠብቅ ወረድኩ

ውድ ሺሜክ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። የት እንዳለህ አውቃለሁ፤ ሚያዝያ ላይ አፈር ካለበሱህ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። በአንድ ግቢ ስንኖር ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ ምን ብዬ እጽፋለሁ? ዛሬ ግን ካልጻፍኩልህ ልቤ ሊፈነዳ ነው። ይቅር በለኝ ልልህም አይደለም። ይቅርታህንማ ሳልጠይቅህ ሰጥተኸኝ፣ እሱ ነው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያረደኝ።

ከሐሙስ ጀምሮ ሃልኒ ሲነፍስ ነበር። ያ ከተራራው ማዶ የሚወርደው ሞቃት ነፋስ፣ ጣሪያ የሚገነጥለው፣ ባልና ሚስት የሚያፋጀው። አርብ ጠዋት ጋብ አለ። የከተማችን የዛኮፓኔ ሰው ጡሩንባውን ይዞ የበረዶ ስኪ መዝለያው ሥር ግጥም አለ። ጃፓኖቹም ኖርዌዮቹም ኦስትሪያኖቹም መጥተዋል። ልጅህ ሩዚያ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በገዛ ከተማዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም የስኪ ዝላይ ውድድር ልትዘል ያኔ አንተ የተቀመጥክበት የመነሻ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ባንዲራዋን የያዝኩት እኔ አሰልጣኟ ነበርኩ።

አረንጓዴው በራ። አሥር ሰከንድ አላት። በዚያች አሥር ሰከንድ ውስጥ አሰልጣኟ ነፋሱን አይቶ ባንዲራውን ወደ ታች ካላወረደላት ከአግዳሚው አትለቅም። ነፋሱን የሚያሳዩት ሪባኖች ሁሉ ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል፤ ትንፋሽ የሚያህል ነፋስ የለም። ባንዲራውን ከፍ አደረግሁ። ማውረድ አቃተኝ። እጄ እምቢ አለኝ፣ ወንድሜ! የታየኝ ሪባን አልነበረም፣ በረዶው ላይ እንደ ጆንያ ስትንከባለል ያየሁት ያንተ ጀርባ ነበር። ረዳቴ ቴዎፊል ከጎኔ ሆኖ «አውርደው እንጂ! ኧረ ሰውዬ ምን ነካህ?» ይለኛል። እሷ ከላይ ዓይኗን ባንዲራው ላይ ተክላ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ቀዩ በራ። ደንብ ነው፣ ከዕለቱ ውድድር ተሰረዘች። ስኪዋን ተሸክማ በደረጃው ወረደች።

«ምን አየህ?» አለችኝ።

«ነፋስ።»

«የምን ነፋስ! ሪባኑ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ የለ እንዴ? አጎቴ፣ ዓይንህ ደክሞ ከሆነ ንገረኝ፣ መነጽር እገዛልሃለሁ።»

ለመሳቅ ሞከርኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ጥፋቱ የኔው ነው» አለች። «‹እንዳባትሽ እንዳትሆኚ፣ ባንዲራውን ጠብቂ› እያላችሁ አሳደጋችሁኝ። ይኸው ጠበቅኩ። ምን አተረፍኩ? አባባ ሳይሻል አይቀርም። እሁድ በሁለተኛው ውድድር መብራቱ አረንጓዴ ይሁን እንጂ የማንንም ባንዲራ አላይም፣ እወርዳለሁ።»

 እሁድ ሃልኒው እንደሚመለስ ሬዲዮው ሲለፍፍ ነው የዋለው። አንተን አውቅሃለሁ፣ እሷንም አውቃታለሁ፤ አልኩ ካለች አለች ነው። ልትሞት ነው፣ የምትሞተውም በኛ ውሸት ነው።

እንግዲህ ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን ልጻፈው። ያን ቀን አንተ ጠብቀሃል። የላይኛው ሪባን ደህና ነበር፤ የታችኛው፣ ማረፊያው ወገብ ላይ ያለው፣ ዘላይ የሚጥል ነፋስ መጣ ሲል ዞሮ ነበር። አይቼዋለሁ። በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ አይቼዋለሁ። አሰልጣኝ ከሆንኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ትልልቆቹ ሰዎች ከኋላዬ ቆመዋል፣ ሕዝቡ ስምህን እየጠራ ያብዳል። ባላወርደው ፈሪ ሊሉኝ ነው። ሺሜክ ምን ይሳነዋል፣ ይወጣዋል አልኩና አወረድኩት። ላንተ ብዬ እንዳደረግሁት ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። ለራሴ ነው ያደረግሁት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል?

በሦስተኛው ቀን መርማሪዎቹ ደብተራቸውን ይዘው ሆስፒታል መጡ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። ልናገር ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። አንተ ቀደምከኝ። «ባንዲራውን ሳልጠብቅ ወረድኩ» አልካቸው። እግርህን ማንቀሳቀስ ተስኖህ፣ ጸሐፊው ጽፎ እንዲጨርስ እየጠበቅህ ቀስ ብለህ ደገምክላቸው። እነሱ ሲወጡ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ምን ያስለቅስሃል?» አልከኝ። «የኔ እግር እንደሆነ ሄዷል። ያንተ እንጀራ ደግሞ ይሂድ? ሚስቴን አንየላንና ሩዚያን ማን ያያቸው? በል ይልቅ የጎመን ሾርባ አምጣልኝ፤ የዚህ ቤት ሾርባ የእግር እጣቢ ነው።»

ሾርባውን አመጣሁልህ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስተነው አናውቅም። አንተ ዊልቸር ላይ፣ እኔ ከባንዲራዬ ጋር። ከተማው «ጥጋበኛው ሺሜክ» የሚል ስም አወጣልህ። እኔም፣ ስማኝ፣ እኔም ራሴ ልጆች ሳሠለጥን «ከወንድሜ ተማሩ» እል ነበር። ይህን ስል አፌ አልተጣመመም።

ዛሬ እሁድ ጠዋት፣ ሃልኒው ዛፍ እያጎነበሰ፣ ስኪ የሚያሹበት ክፍል ገባሁ። ሩዚያ ሰም እየቀባች ነበር።

«አባትሽ ጠብቋል» አልኳት።

«ምኑን?»

«ባንዲራውን። ጠብቆ ነው የወረደው። ያወረድኩለት እኔ ነኝ፣ ነፋሱን እያየሁ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስኪውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«እና ለምን እሱ...»

«ለኔ ብሎ።»

 በኋላ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ እንዲህ አለችኝ፦ «ሊሞት ሰሞን፣ በበረዶው ወራት ተጣላሁት። ዊልቸሩን ዳገት እየገፋሁ ደክሞኝ ‹አንዲት ባንዲራ መጠበቅ አቅቶህ እናቴን አስታማሚ አደረግሃት› አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹እውነትሽን ነው ልጄ፣ አንቺ ጠብቂ› አለኝ።»

ሺሜክ! ይህን አልነገርከኝም። ይህንንም ዋጥከው?

እጇን ዘረጋችልኝ። የምትጨብጠኝ መስሎኝ፣ እኔ ሞኙ፣ እጄን ሰደድኩ። ባንዲራውን ነው የፈለገችው። ተቀብላኝ ከኋላዬ ለገባው ለቴዎፊል ሰጠችው። በሩ ላይ ዞር ብላ «ከዛሬ በኋላ ልጄ እንዳትለኝ» አለችና ወጣች።

አጥሩ ጋ፣ የተጠበሰ የበግ አይብ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ፣ ቆቤን ዓይኔ ድረስ ስቤ ቆምኩ። ነፋሱ አንዴ ይተኛል አንዴ ይነሳል። ተኛ፣ አረንጓዴው በራላት። ወዲያው የታችኛው ሪባን ተገለበጠ። ያው ሪባን፣ ያው ቦታ! ቴዎፊል ባንዲራውን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ደረቀ። ትወርዳለች፣ ጉዴ ፈላ፣ ትወርዳለች እያልኩ ሰከንዱን ቆጠርኩ። ሁለት እጆቿ አግዳሚውን እንደያዙ ናቸው። ጠበቀች። ቀዩ በራ። ለሁለተኛ ጊዜ በገዛ ከተማዋ ተሰረዘች፤ ግን በእግሯ ተነሳች። በእግሯ፣ ሺሜክ።

ሕዝቡ ቴዎፊል ላይ አፏጨበት። «ፈሪ! ፈሪ!» አሉት። አጠገቤ የነበረ ሰካራም ጡሩንባውን ወረወረበት። ቴዎፊል ቆሞ ሰማቸው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ቀጣይዋ ዘላይ ስትቀመጥ ረስተውት እሷን መጥራት ጀመሩ። በቃ ይኸው ነው። የፈራሁት ይኸን ታህል ነበር። ለአንዲት ደቂቃ ፈሪ መባል። እሱን መሸከም አቅቶኝ ነው አንተን አሥራ ሁለት ዓመት ዊልቸር ላይ ያስቀመጥኩህ።

ሩዚያ እንደወረደች እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመችና በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። አንየላ ቀና ብላ በሕዝቡ መሀል ፈለገችኝ፤ አገኘችኝም። ያንን ዓይን አልጽፍልህም። ቤት ስደርስ በግቢው ውስጥ በመሀላችን ያለው በር ከወዲያ ተቀርቅሯል።

ነገ ያንን ደብተር ወደያዙት ሰዎች እሄዳለሁ። ቃልህን አስፍቄ የኔን አስጽፋለሁ። እንጀራዬን ይውሰዱት፣ ስሜንም ይውሰዱት። «ጥጋበኛው» የሚለውን ከመቃብርህ ላይ ሳላነሳ አልሞትም። ማልኩልህ። ለሩዚያ ግን የምምልላት ነገር የለኝም፣ ብምልስ ማን ያምነኛል?

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና ላብቃ። ከላይ ስትወርድ ፊቷን አይቼዋለሁ። እያለቀሰች ነበር፣ ግን አንገቷን አልደፋችም። ለቴዎፊል እንዲህ አለችው አሉ፦ «እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ እጠብቃለሁ።»

ባንዲራውን ያመንከው ወንድምህ፣
ሉድቪክ